የታጠቡ እጆች

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር እየተባለች፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን በሚገዙበት ዘመን፣ ፈረስ በአገሩ ትልቅ ክብር ነበረው። ጦረኛው በገዛ ስሙ ሳይሆን በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» ተብሎ ይጠራ ነበር። ዘመን ዘመንን ሲተካ ያው ፈረስ ከጋሪ ተጠመደ። ከመናኸሪያ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ወፍጮ ቤት ሰውና እህል ሲጎትት ኖረ። በመጨረሻ ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ መጣች። ባጃጅ ገብስ አትበላም፤ ጀርባዋ አይገጠብም፤ ዳገት ላይ አታለከልክም። ባለ ጋሪዎቹ አንድ በአንድ ጋሪያቸውን ለማገዶ ፈለጡት። ፈረሱን ግን ምን ያድርጉት?

እንዳያርዱት ሥጋው አይበላም። እንዳይገድሉት የማይበላ እንስሳ ደም ማፍሰስ በነፍስ ያስጠይቃል ይባላል። እንዳይቀልቡት ደግሞ የማይሠራ አፍ ከብዷቸዋል። ስለዚህ ሁሉም አንድ ዓይነት ዘዴ ያዘ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፈረሱን ከከተማው ዳር ያደርሱታል፤ ልጓሙን ያወልቃሉ፤ ልጓም ገንዘብ ያወጣልና። ከዚያ «በል እንግዲህ፣ እግዜር ይሁንህ» ብለው ይመለሳሉ። ቤታቸው ሲደርሱ እጃቸውን ታጥበው ራት ይቀርባሉ። ሌሊት ጅብ ሲጮህ ይሰማሉ፤ ተነሥቶ የሚያይ ግን የለም።

ጅብ አስቀድሞ ገድሎ አይበላም። የደከመውን እንስሳ ከነነፍሱ፣ ከቆመበት ይቦጭቀዋል። ይህን በቤቱ የተኛ ሰው ሊረሳው ይችል ይሆናል፤ በየበረቱ የታሰሩት እንስሳት ግን እስከ ንጋት ይሰሙታል።

ከሚሰሙት አንዷ እመት በቅሎ ነበረች። አርጅታለች፤ ግምባሯ ሸብቷል። በቅሎ ስለማትወልድ፣ የራሷን ልጅ ከሌላው ልጅ አታስበልጥም ብለው እንስሳቱ ሁሉ ያከብሯታል። ጎረቤቷ የነበረውን ግራጫ ፈረስ ጅብ በበላው ማግስት ሁሉንም ጨሞጋ ወንዝ ዳር ሰበሰበቻቸው።

«ጮቄ ተራራ ለጨሞጋም፣ ለተምጫም፣ ለሙጋም ውኃ ይሰጣል» አለቻቸው። «ለየትኛው ልስጥ፣ የትኛውን ልንፈግ ብሎ አያውቅም። እኛ ከእግሩ ሥር የምንኖር ግን ለደከመ ወንድማችን አጥር ማጠር አቃተን። ኑ፣ መጠጊያ እንሥራ።»

ሠሩ። በሬዎች እሾህ ጎትተው አጥሩን አጠሩ። በጎች ከየመስኩ ድርቆሽ አዋጡ። ጦጣዎች ከማሳ ዳር የወደቀውን ገብስና እንግዶ ለቀሙ። ውሾች ሌሊት ሌሊት ዘብ ቆሙ። ከበሩ ላይ አንድ ሕግ አኖሩ፦ «የመጣ ይገባል፤ የገባ አይገደልም።»

የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር። ጀርባዋ ተገጥቦ አጥንቷ የታየ አህያ ቁስሏ ሽሮ ፀጉር አበቀለች። ጉራች የተባለው ዓይነ ስውር ፈረስ በአህያዋ ኮቴ ድምፅ እየተመራ ወንዝ ወርዶ መጠጣት ለመደ። ሴት ቡችላ ናት፣ ነገ ወልዳ ታስቸግራለች ተብላ በጆንያ ታስራ የተጣለች አንዲት ውሻም መጣች። አንድ ዓይኗ ጠፍቷል። «መቻል» ብለው ስም አወጡላት። ባደገች ጊዜ ከእሷ የበለጠ ዘበኛ አልተገኘም።

በሁለተኛው ዓመት የመጠጊያው ወሬ ከሰው ደረሰ። ቀድሞ ፈረሱን ለጅብ ሲተው ጥቂት የሚያፍር ባለ ጋሪ አሁን ማፈሩን ተወ፤ «ማደሪያ አለው» ይላል። ቀድሞ ሊያገግም ይችላል ብሎ አንካሳ አህያውን የሚያቆይ ገበሬ አሁን አያቆይም። የሴት ቡችላ ጆንያ በየሳምንቱ ከበሩ ይጣል ጀመር። አጥሩ ያው፣ ድርቆሹ ያው፣ አፉ ግን በዛ።

ግንቦት ሲደርስ ድርቆሹ አለቀ። እከክ ገባ። የፈረሶቹን እግር ተከትሎ የሚፈነዳ፣ ዝንብ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛምተው የቁስል በሽታ ገባ። ጠንካራው ደካማውን ከገበታው ገፋ። ደግነት ያሠራው አጥር በውስጡ ያሉትን ቀስ በቀስ የሚገድል ሆነ፤ ሕጉ ግን አሁንም «የገባ አይገደልም» ይላል።

በዚያው ሰሞን አፉ አረፋ የሚደፍቅ እብድ ውሻ አጥር ጥሶ ገባ። እመት በቅሎ ሁሉንም አስወጥታ በሬውን ጠራች። የእብደት በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት እንደሌለው፣ የነከሰውንም ሁሉ ይዞ እንደሚሄድ ታውቃለች። በሬው በአንድ ምት ጣለው። ማንም አልተቃወመም። ግን ያን ቀን ሕጉ ተሰበረ፤ ሁሉም «አሁንስ ምን ሕግ አለን?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

፠

ጉባኤው ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ተቀመጠ። መጀመሪያ የተነሣው አቶ ቀበሮ ነው። ከተማ ለከተማ የዞረ፣ መዝገብ መያዝ የሚያውቅ ነበር።

«ወገኖቼ፣ ሒሳቡ ግልጽ ነው» አለ። «ድርቆሹ ለመቶ ይበቃል፤ እኛ ሦስት መቶ ነን። ሁሉም በረኃብ ከሚያልቅ የደከመው ቶሎ ቢያርፍ ይሻላል። አዲስ አበባን ጨምሮ ብዙ ከተሞች የጎዳና ውሻ ሲበዛባቸው ስትሪክኒን የሚባል መርዝ በሥጋ አድርገው ሌሊት ሲበትኑ አይቻለሁ። ጠዋት ይጠረጋል፤ ያልቃል። መዝገቡን ለእኔ ስጡኝ።»

የተራበ ጉባኤ አጭር መንገድ ይወዳል። ሰጡት።

በመጀመሪያው ሳምንት አቶ ቀበሮ መዝገብ ላይ የሰፈሩት ሞት አፋፍ ላይ የነበሩት ናቸው፤ ብዙዎች አልቅሰው ተቀበሉት። በሁለተኛው ሳምንት አንካሶቹ ሰፈሩ። በሦስተኛው ዓይነ ስውራኑ፤ ጉራች የተረፈው አህያዋ ሌሊቱን ከሥሯ ስለደበቀችው ነው። በአራተኛው ሳምንት የሚጣሉት፣ የሚጮኹት፣ ለአቶ ቀበሮ መንገድ የማይለቁት ተጻፉ። በአምስተኛው የመቻል ስም ተጻፈ፦ «ባሕርይዋ የከፋ፤ ሌሊት ያለ ምክንያት የምትጮህ።»

መርዙም እንደተባለው ቀላል አልነበረም። የዋጠው ውሻ አእምሮው ሳይደነዝዝ ሰውነቱ እየተገተረ፣ ትንፋሹ እየተቆረጠ ነው የሚሞተው። ሬሳው ከአጥር ውጭ ሲጣል አሞራ ወረደበት። በማግስቱ ጥንብ አንሳዋ ወደ ጉባኤው መጥታ ክንፏን ጣለች።

«እኔ ከሞት በኋላ እንጂ ከሞት በፊት መጥቼባችሁ አላውቅም» አለች። «አገሩን ከግማት የማነጻ ነኝ። ትናንት የጣላችሁትን የበላ ባሌ ከገደሉ ላይ ወድቆ ሞተ። የእናንተ መርዝ የት እንደሚቆም ማን ተከታተለ?»

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። በጎች ድርቆሽ ማምጣት ተዉ። «ቦታ ቢጠብ አቶ ቀበሮ ያሰፋዋል፤ ምን ያደክመናል?» አሉ። በአንዱ በር የወጣውን ያህል በሌላው በር ገባ። አጥሩ እንደ ቀድሞው ሞላ፤ መዝገቡ ግን ረዘመ። መግደል ርካሽ በሆነበት ቦታ ማዳን ውድ መስሎ ይታያል፤ ውድ የመሰለውን ደግሞ የሚገዛ አይገኝም።

እመት በቅሎ መዝገቡን ከአቶ ቀበሮ ወሰደች።

፠

ያን ጊዜ አባ ጉሬዛ ተነሡ። ነጭና ጥቁር ፀጉራቸው ካባ የመሰለ፣ ከዛፍ የማይወርዱ፣ በጸሎት የታወቁ ናቸው። እንባቸው እየፈሰሰ ተናገሩ።

«ልጆቼ፣ ነፍስ የሰጠ እሱ ነው፤ የሚወስዳትም እሱ ይሁን። እኛ ማን ነን? በደም የተነከረ እጅ ወደ ላይ አይዘረጋም። መርዙን ጣሉት፤ መዝገቡን አቃጥሉት። መቀለብ ካልቻልን ማታ ማታ በሩን እንክፈትና ለፈቃዱ እንተዋቸው። ሊያኖረው የወደደውን ያኖረዋል።»

በአባ ጉሬዛ ልብ ውስጥ ክፋት አልነበረም። የተናገሩትም ብዙዎችን አሳረፈ። ያን ማታ በሩ ተከፈተ፤ ደካሞቹ ወጡ። ጉራችም ወጣ፤ አህያዋ ታማ ተኝታ ስለነበር የሚከተለው ኮቴ አልነበረም። የቀሩት በሩን ዘግተው ተኙ።

ተኙ ማለት አይቻልም። ጉራች ዓይኑ ስለማያይ ወዴት እንደሚሸሽ አላወቀም፤ ድምፁ የሚመጣው አንዴ ከወንዙ፣ አንዴ ከዳገቱ፣ አንዴ ከአጥሩ ሥር ነበር። ወደ መጠጊያው ሊመለስ ሞክሮ እሾሁን በደረቱ ገፋ። ከውስጥ ማንም አልከፈተም። እስከ ዶሮ ጩኸት ቆየ።

ሲነጋ ከአጥሩ ውጭ አያ ጅቦ ቆሞ ተገኘ። ቀን ቀን አይወጣም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ወጣ።

«አባ ጉሬዛ» አለ፣ «እጅ ነሥቻለሁ። በዚህ አገር እንደ እርስዎ ያበላኝ የለም። እኔ ጅብ ነኝ፤ የተፈጠርኩት ለዚህ ነው፤ ልጆችም አሉኝ። ስለ ሆዴ አላፍርም። አንድ ነገር ብቻ ይከብደኛል። ሌሊት የምበላውን ስበላ፣ ጠዋት ሁላችሁም ‹ፈጣሪ ወሰደው› ትላላችሁ። ፈጣሪ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። በሩን የከፈታችሁልኝም እናንተ ናችሁ። ቢላዋውን ስላልያዛችሁ ገዳይ አይደለንም ካላችሁ፣ ጥርሴን የማን ቢላዋ ልትሉት ነው?»

አባ ጉሬዛ የሚመልሱት አጡ። ከዛፋቸው ወርደው መሬት ላይ ተቀመጡ።

አህያዋ ከተኛችበት ቀና አለች። «ከጥንት ‹የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም› ይላሉ» አለች። «ባሌስ አቅም አንሶት ነው። ሰዎቹን ግን አላወቅኋቸውም። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት አገር ተነሥቶ ‹አህያማ አይታረድም› ብሎ አዘጋው። እኔም የሚያዝንልኝ አገኘሁ ብዬ ተደሰትሁ። ከዚያ ጀርባዬ ሲገጠብ፣ ‹አህያ አይታረድም› ያለው ጌታዬ ራሱ ማታ መንገድ ዳር አቁሞኝ ሄደ። የከለከለው ለእኔ አዝኖ ነው ወይስ እጁ እንዳይቆሽሽ? እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

በዚያ ዓመት ከሰሜን ወርዳ ጨሞጋ ዳር የምትመገብ አንዲት ሽመላ ነበረች። እሷም አንገቷን አቅንታ ተናገረች።

«በየዓመቱ ስመላለስ ኢስታንቡል ላይ ባሕሩን አቋርጣለሁ። አያቶቼ የነገሩኝን ልንገራችሁ። በ1902 ዓ.ም. የከተማው ሹሞች በጎዳና ውሻ ተማረሩ። መግደሉን ሕዝቡ ስለማይወደው ውሾቹን ሰብስበው በመርከብ ጭነው ሲቭሪያዳ በምትባል ደረቅ ደሴት ላይ አራገፏቸው። ምግብም ውኃም የለም። በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ውሾች እዚያ በረኃብና በጥም፣ እርስ በርስ እየተበላሉ አለቁ። ጩኸታቸው ባሕሩን ተሻግሮ ከተማው ድረስ ይሰማ ነበር። አንድም ሹም በገዛ እጁ ውሻ አልገደለም። ያ ሕዝብ ግን እስከ ዛሬ ያን ጩኸት በኀፍረት ያነሣዋል።

«ኢጣሊያ ደግሞ በ1983 ዓ.ም. ጤነኛ የጎዳና ውሻ እንዳይገደል በሕግ ከለከለች፤ የማይድን ሕመም ያለበትና አደገኛነቱ የታወቀ ብቻ ሲቀር። መልካም ሕግ ነው። ግን የውሻውን መራባት ሳይገቱ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቁ በቀሩባቸው ቦታዎች ብዙ ውሾች ከጠባብ ፍርግርግ ኋላ ገብተው እስኪሞቱ አይወጡም። አለመግደል ሥራው ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ አይደለም።»

ሁሉም ዝም አሉ። ከዝምታው መሐል ጨለማ ውስጥ የተኛ አንድ ፈረስ ድምፁን አሰማ። ዳማ ይባላል። ከሦስት ቀን በፊት ገደል ገብቶ የፊት እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል፤ አጥንቱ ወጥቷል።

«ሁላችሁም ስለ እኔ ትከራከራላችሁ» አለ። «አቶ ቀበሮ ስለ ድርቆሹ፣ አባ ጉሬዛ ስለ እጃቸው ንጽሕና። እኔን የጠየቀኝ የለም። ወጌሻውን ጥሩልኝ።»

ወጌሻው አያ ዝንጀሮ መጣ። የብዙ እንስሳ አጥንት ያቃና፣ እጁ የለመደ ነው። ዳሰሰ፤ አየ፤ አሸተተ። ከዚያ ከሁሉም ፊት ተናገረ። «የበግ እግር ቢሆን በሸንበቆ አስሬ አድነው ነበር። ፈረስ ግን ክብደቱን በሦስት እግር ተሸክሞ ወራት መቆም አይችልም፤ ተኝቶም መክረም አይችልም። ቁስሉ ሸትቷል። ይህን አላድነውም።»

«እንግዲያው» አለ ዳማ፣ «በሩን አትክፈቱልኝ። መርዝም አታምጡልኝ። የሚያውቀኝ አጠገቤ ይቁም፤ የሚችል እጅ ቶሎ ይጨርስልኝ።»

መቻልም ወደ መሐል ወጣች። «እኔ ደግሞ መዝገብ ላይ የተጻፍኩ ነኝ» አለች። «አንድ ዓይን አለኝ፤ ሁለት ጆሮ አለኝ፤ መኖር እፈልጋለሁ። ሌሊት ያለ ምክንያት አልጮህም። የምጮኸው ከአቶ ቀበሮ ዋሻ በር ላይ ነው። ሄዳችሁ እዩ።»

ሄዱ። ዋሻው ውስጥ አፉ በጭቃ የተመረገ ጎተራ አገኙ፤ እስከ አፉ እንግዶና ገብስ የሞላ ነው። አቶ ቀበሮ «ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ነው» አለ።

«ለስንቱ ነው ክፉው ቀን ያልመጣው?» አለችው እመት በቅሎ። «ለአንካሶቹ መጥቷል፤ ለዓይነ ስውራኑ መጥቷል። ድርቆሽ አለቀ ብለህ ያጠፋሃቸው ሁሉ ከዚህ ጎተራ እየተቀለቡ ክረምቱን ያልፉ ነበር። ያ የሒሳብ ጉዳይ አልነበረም። ጎተራህን ደብቀህ የገደልከው ግድያ ነበር።»

፠

እመት በቅሎ ያን ቀን አዲስ ሕግ ተናገረች። ከአሮጌው ይረዝማል፤ ግን ሁሉም በልቡ ያዘው።

«አንደኛ፦ ማንም ‹ይሙት› ከማለቱ በፊት ጎተራውን ከፍቶ ያሳይ። ሊቀልበው እየቻለ፣ ሊያክመው እየቻለ፣ ቦታ ሊፈልግለት እየቻለ የገደለ ሁሉ ምሕረት አድራጊ አይባልም።

«ሁለተኛ፦ የሚያበቃው የማን ሥቃይ ነው ብላችሁ ጠይቁ። የእሱ ሥቃይ ከሆነና የማይድን ከሆነ እንመካከር። የሚያበቃው የእኛ ድካም ከሆነ ግን ድካማችንን እንቻለው። የእብደት በሽታ የያዘው ሌላውን ይዞ እንዳይጠፋ ብንከለክለው ይህም ግዴታችን ነው፤ በመርዝ ሳይሆን ሥቃይ በሌለው ፈጣን እጅ።

«ሦስተኛ፦ በሞቱ ድርቆሽ የሚተርፈው ፈራጅ አይሁን። ሕመሙን የሚያውቅ ወጌሻ፣ የቀለበው አንድ፣ ለእሱ የሚከራከር አንድ፤ ሦስቱ ካልተስማሙ ማንም አይነካ።

«አራተኛ፦ የፈረደ አይሂድ። እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ ትንፋሹ እስኪያበቃ ይቁም። መቆም የከበደው ፍርዱን እንደገና ይመርምር።»

አባ ጉሬዛ ቀስ ብለው ተነሡ። «እመት በቅሎ፣ እኔ መግደልን አልባርክም» አሉ። «ዛሬም አላደርገውም። ግን በሩንም አልከፍትም። ለዳማ የሚከራከረው አንድ እኔ ልሁን። እሱ ራሱ ‹በቃኝ› ሲለኝ ሰምቼ ከተረታሁ፣ ከራሱ አጠገብ እቆማለሁ።»

እንዲህም ሆነ። ሌሊቱን ሁሉ አባ ጉሬዛ ለዳማ ሕይወት ተከራከሩ፤ ሌላ መድኃኒት፣ ሌላ ማሰሪያ ጠየቁ፤ ወጌሻው አንድ በአንድ መለሰላቸው። ሲነጋ ዳማ ከአቶ ቀበሮ ጎተራ የወጣ ገብስ ቀረበለት፤ ጥቂት ቀመሰ። እመት በቅሎ አንገቷን ከአንገቱ አደረገች። አባ ጉሬዛ ግምባሩን ያዙ። ወጌሻው ስልቱን ያውቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፈጥኖ። ጩኸት አልነበረም።

አያ ጅቦ ሬሳውን ማታ ወሰደ። «ይህ ይበቃኛል፤ የሞተውን ስበላ የሚረግመኝ የለም» አለ።

መቻል ግን ኖረች። ከእሷም ጋር መዝገብ ላይ ሰፍረው የነበሩ ብዙዎች ኖሩ። በጎች ጎተራ የመደበቅ ነገር ባበቃበት ቦታ ድርቆሻቸውን ማምጣት ጀመሩ።

በሩ ግን አሁንም ከውጭ ይንኳኳ ነበር። እመት በቅሎ ይህን አሰበችበት። በመስከረም፣ አደይ አበባ በፈነዳበት ሰሞን፣ በሽተኞቹንና አንካሶቹን ሁሉ አሰልፋ በጠራራ ፀሐይ ወደ ደብረ ማርቆስ ወረደች። እያንዳንዱን ከቀድሞ ጌታው ደጅ አቆመችው።

«በማታ የተዋችሁትን በቀን እዩት» አለቻቸው። «አሥር ዓመት ጋሪ የጎተተላችሁ ይህ ነው። ውኃና ማገዶ የተሸከመችላችሁ ይህች ናት። ልጆቻችሁን ያሳደጉት ጀርባዎች እነዚህ ናቸው። ልንቀበላቸው እንችላለን፤ ግን እናንተ እንዳትቀበሏቸው ፈቃድ አንሰጣችሁም።»

አንዳንዱ ሰው በሩን ዘጋ። አንዳንዱ አልቅሶ ፈረሱን መለሰ። አንዳንዱ መቀለብ ባይችልም በዓመት ይህን ያህል ሸክም ድርቆሽ አመጣለሁ ብሎ ማለ። ወንዱን ውሻ ያስኮላሸ፣ ውሻውን ያስከተበ፣ ኮርቻውን በጥጥ ያለሰለሰ ሰውም ተገኘ። ከዚያ በኋላ ከመጠጊያው በር የሚጣለው ጆንያ ቀነሰ፤ ሦስቱ ተሰብስበው የሚፈርዱበት ቀንም ቀነሰ።

፠

ተረቱ እዚህ ያበቃል፤ ጉዳዩ ግን የእኛ ነው።

ኢትዮጵያ በዓለም ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች ቀዳሚዋ ናት። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ሲሉ ማረድን ከልክለዋል። ከቢላዋ ማዳን ትልቅ ነገር ነው። ከጅብ የሚያድናት ግን የመሪዎች ውሳኔ ሳይሆን ባለቤቷ ነው። አህያ ያረጀችበት ገበሬ የሚችለውን ያህል ያሳርፋት፤ የማይድን ሥቃይ ላይ ከሆነች የእንስሳት ሐኪም ይጥራ፤ ከፊቷ ይቁም። ማታ መንገድ ዳር ትቷት የሚመለስ ሰው የገደለውን ያህል ተጠያቂ ነው፤ እንዲያውም ከሞቷ ላይ ሥቃይ ጨምሮባታል።

ስለ ውሾቻችንም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ ነው። ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ ግን የመተላለፊያው ሰንሰለት ይቆረጣል። መርዝ የሚበትን ከተማ በየዓመቱ ይበትናል፤ በተገደለው ውሻ ቦታ ያልተከተበ ሌላ ይገባልና። ክትባት ጎተራን መክፈት ነው፤ መርዝ ጎተራን መደበቅ ነው።

ደግሞስ በጮቄ ግርጌ የቆመው አጥር የእንስሳት ብቻ ነው? ጉልበቱ ያለቀበትን፣ የማይሠራውን፣ የሚያስቸግረውን ሰው የምናስቀምጥበት ቦታ ሁላችንም አለን። አቶ ቀበሮ በየቢሮው አለ፤ ሒሳቡን ያሳየናል፤ ጎተራውን አያሳየንም። ከአባ ጉሬዛ የዋህነትም በየልባችን ጥቂት አለ፤ እጃችን እስካልነካ ድረስ ንጹሐን ነን ብለን እንተኛለን። ሁለቱም ለየብቻቸው ጉራችን አላዳኑትም፤ አንዱ ለመርዝ መዝገብ ላይ አሰፈረው፣ ሌላው መርዙን አስጥሎ በሩን አስከፍቶ ለጅብ አስረከበው።

ስለዚህ ሊያድነው የሚችለውን ሁሉ ያላዳነ እጅ ለመግደል አይነሣ። ማዳን ባልተቻለ ጊዜም አይሽሽ። በሥቃይ ላይ ያለውን ፍጡር በፍቅር ይዞ እስከ መጨረሻው የቆመ እጅ፣ ደም ቢነካውም እንኳ፣ ታጥቦ ራት ከቀረበው እጅ ይልቅ ንጹሕ ነው።